ልብስ ሰፊው መቀሱን ያነሣ ቀን

ልብስ ሰፊው ኩሩ ነበር፤ ግን ደግ ሰው ስለሆነ ማንም ኩራት ብሎ አልቆጠረበትም። ሚስቱ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ፣ አንደበቷም ተይዞ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። «እንዴት አደረች?» ላለው ሁሉ፣ «ደህና ናት፣ ገና አሁን ተኛች» ይላል። እሷ እኮ ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኗን ገልጣ ትሰማዋለች። የሚያጥባት፣ የሚያጎርሳት፣ የሚያገላብጣት እሱ ብቻ ነው፤ የሰው ሱሪ ስፌት መኪናው ላይ ጥሎ እየተነሣ። «እንዲህ ሆና ሰው ቢያያት ደስ አይላትም» ይላል። እሷን ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

ቀሚሷንም የሚያጠብበው እሱ ነው። በየወሩ ትከሳለች፣ በየወሩ የቀሚሱን ሁለት ጎን ገባ አድርጎ ይሰፋል። ትርፉን ጨርቅ ግን አይቆርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተወዋል። ስትወፍር ይለቀቃላ። ጸሎቱም ይኸው ነበር፦ ጌታ ሆይ፣ ይህን ስፌት የምፈታበትን ቀን አሳየኝ። እየቆየ ግን ጸሎቱንም ተወው።

ሐሙስ ዕለት ሲያነሣት ወገቡ ከዳውና ከእጁ ወደቀች። አላለቀሰችም፤ ወለሉ ላይ ሆና አየችው። እንደ ምንም ወደ አልጋዋ መለሳት። ወዲያው ለእህቷ ደወለና፣ «ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጃት፣ እኔ አልቻልኩም» አላት። የእህትየዋ ከተማ የሙሉ ቀን መንገድ ነው። ከሄደች በሕይወት እንደማያያት ልቡ ያውቀዋል።

ዓርብ ጠዋት ቀሚሱን ለመንገድ ሊያስተካክል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ያ ሁሉ የታጠፈ ጨርቅ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ብሎ መቀሱን አነሣ። በዚህ መሃል የሰፈሩ አዋላጅ የነበሩ አንዲት ጡረተኛ ሴት ሳያንኳኩ ገቡ። ከእሱ ጋር ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ነው።

«እትዬ፣ ተኝታለች» አለ እንደ ልማዱ።

ሴትየዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩ። «ዓይኗን አፍጥጣ ነው እንዴ የምትተኛው?»

መቀሱን ጨርቁ ላይ ሳያሳርፍ አስቀመጠው። መውደቋንም፣ እህቷንም፣ መጸለይ መተዉንም ዘረገፈላቸው። «እግዚአብሔር ትቶኛል፣ እትዬ።»

አዋላጇ ማባበል አያውቁም። «ጌታችን መስቀሉን ተሸክሞ ሲደክም መንገደኛ ተይዞ አገዘው። አንተ ከእሱ በለጥክ? የላከልህን ሰው ሁሉ ከደጅ እየመለስክ ተወኝ ትላለህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም?» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በል ውኃ አሙቅ። የዚህን ሰፈር ግማሹን እርቃኑን ነው የተቀበልኩት፣ የእሷ አያስደነግጠኝም።»

ወደ አልጋው ጠጋ ብለው፣ «ልጠብሽ፣ ልጄ?» አሏት። በደህናው እጇ ክንዳቸውን ያዘችና አልለቅ አለች። ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ገባው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲናፍቃት ኖሯል። ደጃፉ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እህትየዋ መጣች፤ ሳምንት አስታማ ብቻዋን ተመለሰች። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በተራ ይገቡ ጀመር። አልደብቃችሁም፣ አልዳነችም። እሱ ግን እንቅልፍ አገኘ፤ ጸሎቱም አጥሮ ተመለሰ፦ «ጌታ ሆይ፣ የዛሬን ብቻ።»

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ማለዳ ትንፋሿ ተለወጠ። እንደ ድሮው ቢሆን ድካም ጥሎት ወንበሩ ላይ ባንኮራፋ ነበር። ያን ጠዋት ግን ነቅቶ ነበር። እጇን ያዘ፣ በስሟ ጠራት፤ እሱን እያየች ሄደች።