ይሉኝታ ያስተኛው በሽተኛ

ያምሮት፣ በጅጋ ዙሪያ ይሉኝታ የሚያውቅ ሰው ቢጠፋ ለዘር የምትቀመጥ ሴት ናት። ለቅሶ ላይ ቀድማ ደራሽ፣ ድግስ ላይ መጨረሻ ቆራሽ። "ያምሮት አጎደለች" ያለ ሰው የለም፤ እሷም ይህን ስሟን ከጾሟ እኩል ትጠብቀዋለች።

ባሏ ንብረት ባሕር ዳር ሄዶ የሐሞት ጠጠሩን ሲያስወጣ ሐኪሙ ሆዱን አልቀደደውም። በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቱቦ አስገብቶ ጨረሰና፣ "ቤትዎ ገብተው እንዳይተኙ፤ በየቀኑ ይራመዱ" ብሎ ሰደደው። ንብረትም እንደታዘዘው አጥሩን ይዞር ጀመር።

ጣጣው የመጣው ከጠያቂ ነው። ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር ዘመዶቹ እንቁላልና ጠላ ተሸክመው፣ ዳገት ቁልቁለቱን አቋርጠው ሲደርሱ በሽተኛው ጎተራውን ተደግፎ ቆሟል። "እስቲ ቁስሉን" አሉት። ገልጦ አሳየ፤ እሾህ የወጋው ያህል ነው። አክስቱ ወለተ ሥላሴ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"እኛማ ሆዱ ተቀደደ ቢሉን ነው እንዲህ የሮጥን። ቆመህ አገኘንህ፤ መቼም ተመስገን ነው" አሉ። ተመስገኑ ከስድብ አይሻልም ነበር።

ያምሮት ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወዲያው መደቡ ላይ አነጠፈች።

"ሰው አገር አቋርጦ ሊጠይቅህ እየመጣ ቆመህ ትጠብቀዋለህ? ነውር አይደል!"

"ሐኪሙ እኮ..."

"ሐኪሙ ጠያቂ የለበትም!"

ንብረት ተኛ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጋቢውን እስከ አገጩ ይስባል፣ ትንሽ ያቃስታል። እያደር ማቃሰቱን ተካነበት። ጠያቂው ረካ፤ ያምሮትም ገበያ ቀና ብላ ሄደች።

አንድ ቀን ያቃሰተው ግን የእውነቱን ነበር። ውጋት ደረቱን ቀስፎ ያዘው፤ ትንፋሽ አጠረው። ጠያቂዎቹ "አሁን ገና ታመመ" ብለው አዘኑለት። ያምሮት ከንፈሩ ሲጠቋቁር አይታ እሪ አለች። ባገኙት መኪና ጭነው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረሱት።

"እግሩ ላይ የረጋ ደም ሳንባው ገብቶ ነው" አለ ሐኪሙ። "እንዲህ ካለው ቀዶ ሕክምና በኋላ ከስንት አንድ ሰው የሚገጥመው ነው። ሳይራመድ ተኝቶ ነበር እንዴ?"

"እኔ ነኝ ያስተኛሁት" አለች ያምሮት። ሰው ፊት፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትከናነብ አለቀሰች።

እግዜር ማረው፤ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ተሰጥቶት ተረፈ። የሳንባ ነገር መሆኑ ሲሰማ የፊተኛው ጠያቂ እጥፍ ሆኖ መጣ። ወለተ ሥላሴም ሙክት አስነድተው ደረሱ። ያምሮት በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ቤት ውስጥ መቀመጫ አላሰናዳችም።

"እንዳይቀመጡ እማማ። እሱ በወንዙ በኩል እየተራመደ ነው፤ መጠየቅ ከፈለጉ አብረውት እየሄዱ ይጠይቁት።"