የጀልባዋ ለቅሶ

በደርግ ጊዜ ነው። ምጽዋ ላይ ዓመታት ዓሣ ሳሰግር ኖሬ አገሬ መካነ ሰላም ገባሁ። አንድ የገበያ ቀን፣ አብሮኝ ያሰግር የነበረ ጓደኛዬ ከመኪና ወርዶ፣ «ያቺ ጀልባችን አረጀችና ዓሣ እንዲራባባት ብለው ባሕር ውስጥ አሰጠሟት» አለኝ። የጨው ጠረኗ ሳይቀር ናፈቀኝና ገበያ መሀል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ለካ ሰው አይቶኛል! ቤቴ ስደርስ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞልቶታል።

«አብሽር! ማን ሞተብህ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ምን ልበል? «ጀልባ» አልኩ።

እንግዲህ ለደጋ ሰው ባሕርን አስረዳ! «ሰጥማ ነው፤ ግን አሁን ለዓሦቹ ቤት ሆናለች» ብዬ ተንተባተብኩ። ሰዉ እየተያየ መነሣት ጀመረ።

እትዬ ዘነቡ ብቻ አልተነሡም። ባሕር ኃይል የነበረ ልጃቸው ሰጥሞ አስከሬኑ አልተገኘም።

«እዚያ ታች ቤት አለ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጀልባዋ ጣሪያ አላት?»

«አላት።»

ያዘቀዘቁትን ነጠላ አቀኑት።

«ተመስገን! ልጄ ሜዳ ላይ አያድርማ!»