ቡና መጋዘን ውስጥ የተሮጠው ዓለም አቀፍ ሩጫ

በነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልናገር። አንደኛው እኔ ነኝ፣ አሰበ ተፈሪ ገበያው አፍ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምውል ልብስ ሰፊ። ሁለተኛዋ የመጀመሪያ ልጄ ናት፣ እግሯ ቀጭን፣ አንገቷ ደንዳና፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሦስተኛዋ እናቷ። አራተኛው ጎረቤቴ ሐጂ፣ የቡና መጋዘን ኃላፊ። አምስተኛው የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ስድስተኛው ከጅቡቲ ጭነት ይዞ ሲመጣ ሚኤሶ ላይ መኪናው የተበላሸበት ሾፌር ነው። ይህ ምስኪን ሰው ኋላ የውጭ አገር ሆኖ ይሮጥልናል።

እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ያወቀውን ሳያስተምር አያድርም። ጨርቅ ሳልለካ ቆርጬ አላውቅም፤ ነገርን ግን ሳልለካ እቆርጥ ነበር።

በዚያ ዓመት የልጄ የስፖርት አስተማሪ ሐረር ሄዳ የክፍለ ሀገሩ ሯጮች ምርጫ ላይ እንድትወዳደር አሳሰባት። የቀረው የእኔ ፈቃድ ነበር። «ጨዋ ሰው ልጁን በቁምጣ መንገድ ለመንገድ አያስሮጥም» አልኩና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ሳህን ስታጥብ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ጀመር።

አንድ ምሽት ራት ላይ ሳለን ራዲዮው የስፖርት ወሬ አመጣ። በውጭ አገር መንግሥታት ቡድን ቡድናቸውን ይዘው ተሰብስበው፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ በአትሌቲክስ ተወዳደሩ አለ። እጄን ከትሪው አነሣሁ።

«ሰማችሁ? የሠለጠነ ሕዝብ ቤቱ ገብቶ ነው የሚሮጠው። በሩን ዘግቶ!»

ራዲዮው በር ተዘጋ አላለም። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ቀና አለች። «አባባ፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ይፈቅዱልኛል?»

«ቤት ውስጥ ከሆነ፣ በጨዋ ደንብ መሆኑንም በዓይኔ ካየሁ፣ ሐረርም ትሄጃለሽ።»

«በል እንግዲህ፣ ቤቱን ፈልግ» አለችኝ እናቷ።

ቤቱ የሐጂ መጋዘን ሆነ። አዲሱ ቡና ገና ስላልገባ ጥግ ላይ ከተደረደሩ ጥቂት ጆንያዎችና መሐል ከቆመው ትልቅ ሚዛን በቀር ባዶ ነበር። ሰው ለመሰብሰብ ግን የሊቀመንበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሄጄ «ጓድ፣ ዓለም አቀፍ የቤት ውስጥ የአትሌቲክስ ውድድር ልናደርግ ነው» አልኩ። በዚያ ዘመን ዓለም አቀፍ የሚለው ቃል ያልከፈተው በር አልነበረም። ራሱን ነቀነቀና፣ «የውጭ አገሩ ቡድን የታል?» አለኝ።

በዚህ ምክንያት ነው ሾፌሩን እንዲያመጣ ወደ ሚኤሶ ሰው የላክነው። ጭሮ፣ ማለት የእኛው አሰበ ተፈሪ፣ ሂርናና ሚኤሶ ሦስት ሦስት ሯጭ አሰለፉ። ጅቡቲ ሾፌሩን ብቻ አሰለፈች።

«ሦስቱንም ሰው እኔ ልሆን?» አለ ሾፌሩ።

«አገርህ ናት፤ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

በልብስ ሰፊ ጠመኔ ግድግዳውን ተከትዬ፣ መጋዘኑን ዙሪያውን የሚዞር የመሮጫ መስመር አሠመርኩ። ሯጮቹ የሚቀባበሉት ዱላ ስላልነበረን የሜትር እንጨቴን ቆራረጥኩ። ለልጄም ከወፍራም ካኪ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሱሪ ሰፋሁላት። ጨዋነት በጨርቅ ብዛት የሚለካ ይመስለኝ ነበር።

ቀኑ የገበያ ቀን፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነበር። ስህተቴ ይኸው ነው። እኛ አገር ሰው ከምሳ በኋላ ጣሪያ ሥር ና ከተባለ ለምን እንደተጠራ ማንም አይነግረውም፤ ያውቀዋል። ተጋባዡ ሁሉ ለበርጫ ጫቱን በብብቱ ይዞ መጣ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋ። ትራስ ከቤቱ ያስመጣም ነበረ። ሊቀመንበሩም ጠበብ ያለ ቦታ አግኝቶ ገባ። የጠመኔ መስመሬ ዙሪያውን ሰው ተቀመጠበት።

«ሐጂ፣ የመሮጫው መንገድ እኮ ነው! ሰዎቹ ይነሡልኝ!»

«አቦ፣ እንግዳ ግድግዳ ካልያዘ የት ይቀመጥ? መሐል ላይ እንደ በግ?»

«ታዲያ ልጆቹ የት ይሩጡ?»

«በርጫ የጀመረ ሰው ተነሥ ይባላል እንዴ? ሰው ተነሥቶ አያውቅም። ልጆቹ መሐል ይሩጡ። አንተም ጫማህን አውልቅ፣ ነውር ነው።»

አወለቅኩ። የዓለም አቀፉ ውድድር ዳኛ በካልሲ ቆመ።

ሩጫው በሚዛኑ ዙሪያ ሆነ። ክቡ ጠባብ ስለነበር ሯጮቹ ሳይሆኑ ሚዛኑ የሚዞር ይመስል ነበር። «ኧረ ቀስ በሉ፣ ራሴን አዞራችሁኝ!» አሉ አንድ ሽማግሌ ቅጠላቸውን እየቀነጠቡ። ከሂርና የመጣው ሁለተኛ ሯጭ እውነትም ዞሮበት ጆንያው ላይ ወደቀ፤ ጆንያው ተቀደደና ቡናው መሬት ላይ ፈሰሰ። ሾፌሩ በአንድ እጁ ሽርጡን ሰብስቦ፣ አንዱን ተራ ሲጨርስ ዱላውን ከቀኝ እጁ ለግራው አቀበለ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። «ይህ ነው ዓለም አቀፋዊነት!»

የጭሮ የመጨረሻ ሯጭ ልጄ ነበረች። ነጠላዋን ጥላ ስትነሣ ሱሪውን አየሁት። እናቷ በገዛ መኪናዬ፣ በገዛ ክሬ፣ ከጉልበት በላይ አሳጥራዋለች። ልናገር እንጂ፣ ስፌቱ እንከን አልነበረውም።

ልጄ በሚዛኑ ዙሪያ አልተሽከረከረችም። ወደ ግድግዳው ወጣችና እኔ ባሠመርኩት መስመር ላይ፣ የተዘረጋውን እግር ሁሉ እየዘለለች ሮጠች። አንዱም እግሩን አልሰበሰበም፤ አንዷም እግር አልተነካችም። እኔ ዳኝነቴን ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ማብቂያውን በር ላይ ያደረግሁት ብርሃን ስላለ ነበር። የሚሮጥ ሰው መስመር ስላለፈ ብቻ እንደማይቆም የነገረኝ ጋዜጣ አልነበረም። ልጄ የጫማውን ክምር ዘለለችና ገበያው መሐል ወጣች። ከኋላዋ ሾፌሩና የሂርናው የመጨረሻ ሯጭ ጫማውን ረጋግጠውና በትነው ወጡ።

«በሩን ዝጉ!» ብዬ ጮህኩ። ማንን ልዘጋበት እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ጋቢዬን አነሣሁ፣ እግሬን ያገኘሁት ጫማ ውስጥ ከተትኩ፣ ልሸፍናት ተከትያት ሮጥኩ። በሽንኩርቱ በኩል፣ በፍየሉ በኩል፣ በጫት ተራ። ነጋዴዎቹ ሴቶች ብድግ ብለው «ፊጊ! ፊጊ!» ይላሉ፣ በኦሮምኛ ሩጥ ማለታቸው ነው።

«አባትየው፣ በርታ! አንዱ ጫማህ ወጣ!»

«ምን ሰርቃበት ነው?»

«ኧረ ልጁ ናት! እሷስ ሄደች፣ እሱ ነው የሚሞትብን!»

የሂርና መንገድ መነሻ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጋቢውን ከእጄ ወስዳ እኔኑ አለበሰችኝ።

«ላብዎት ነው፣ ብርድ እንዳይመታዎት።»

«ሕዝብ... ሕዝብ ሁሉ አየሽ!»

«እኔን? አባባ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው እርስዎን ነበር።» አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። «አሸነፍኩ?»

«አላየሁም» አልኩ። ዳኛው ሩጫ ላይ ነበር።

«ሐረርስ?»

«እናያለን።» እምቢ ለማለት ወኔ ያጣ አባት የሚላት ቃል ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ የግራ ጫማዬን አንጠልጥለው መጡ። የእሳቸው የግራ ጫማ እኔ እግር ላይ ሄዶ ጫት ተራ ላይ ቀርቷል።

«ኪሣራውን ለሁሉም አካፍዬዋለሁ» አሉ ጣታቸውን እያጠፉ። «የተቀደደው ጆንያ፣ የጠፋው ጫማ፣ የተረገጠው ትራስ፣ የልጅቷ የሐረር መሳፈሪያ።»

«ሐጂ! እኔ መቼ ፈቀድኩ?»

«ወንድሜ፣ ከልጅህ ጋር ገበያውን ሙሉ ሮጠህ ምን የሚፈቀድ ነገር ቀረህ? የተመለከተ አንድ ብር፣ የሮጠ አንድ ብር። አንተ ሁለቱንም ነህ።»

እናቷ ከጓዳ ሳቀች። ሁለት ብር አውጥቼ ሰጠሁ።

ሐረር ሄደች። ሦስት ሰው ይፈለግ ነበር፣ እሷ አራተኛ ወጣች። ስትመለስ ሜዳው ጣሪያ እንዳልነበረው ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሳህኑም ዝም አለ። ሐጂ ከሰዉ ሁሉ የሰበሰቡት በጠቅላላው አርባ ሁለት ብር ነበር፤ በዚያ ላይ ሾፌሩ የሰጣቸው፣ አሰበ ተፈሪ ውስጥ የሚመነዝረው የጠፋ አንድ የጅቡቲ ሳንቲም አለ።