«ሰዓቱን አትንካ»

ሰናይት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች፣ ትገጣጥማለች፣ ፕሮግራም ትጭናለች። ለመጫኛ የምትጠቀምበት አንድ ፍላሽ አላት፤ ሰው አታስነካም። ዊንዶውስ ሲጫን የሚጠይቀውን ጥያቄ ሁሉ አስቀድማ መልሳበታለች፤ የአማርኛ ፊደሉንም አስገብታበታለች። ከሁሉም የምትኮራበት ግን አንድ ትእዛዝ ነው፦ ሰዓቱን አትንካ። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት አይቶ የሰውን ሰዓት ወደ ፈረንጅ እንዳይቀይር ነው።

ይህ ትእዛዝ እንዲያው የመጣ አይደለም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከኮሌጅ እንደወጣች አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ወረቀቱ ስምንት ሰዓት ይላል። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ በመንገዷ ያለውን የጣርማ በር ተራራ ብርድ ችላ፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል በሩ ላይ ደረሰች። ዘበኛው «እህቴ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር እኮ» አላት። ለካ የፈረንጅ ስምንት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በእጇ ያለፈ ኮምፒውተር ሁሉ በሀበሻ ሰዓት ይሠራል። እልህ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ዛሬ መጋቢት አሥር ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ጸደንያ፣ የማሾ ገበሬው የጋሼ ወርቁ ልጅ ናት፤ እሳቸውም ከኋላዋ ቆመዋል። ለነጻ የውጭ ትምህርት ዕድል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ትፈተናለች፤ አንዲት ደቂቃ ያረፈደ አይገባም። በስልክ መፈተን ክልክል ነው፤ የሱቁ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ትናንት ተሞክረው የፈተናውን ገጽና ካሜራ መሸከም አልቻሉም። ስለዚህ የአዲስ ኮምፒውተር ዕቃ ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ መጣና ሰናይት ገጣጠመችው። መጀመሪያ ሲበራ ቀንና ሰዓት ጠየቃት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓትና ካላንደር አይታ ሞላችና አለፈች።

ፍላሿን ስትሰካ ጉድ ፈላ። መጫኛው «ዲስክ የለም» አለ። ዲስኩ ግን ፊት ለፊቷ ተገጥሟል! የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ አዲስ ስለሆነ ፍላሿ አላወቀውም። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በሌላ ኮምፒውተር ዲስኩን የሚያስተዋውቀውን ድራይቨር አወረደች፣ መጫኛው ውስጥ ጨመረችው፣ ፍላሿን እንደገና ሠራች። የቆርቆሮው ጣሪያ ይፋጃል፤ ማራገቢያው የሚያመላልሰው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። መብራት ከሄደ አለቀላቸው።

ሰባት ከአሥር ላይ ዲስኩ ታየ። ለስምንት ሃያ አምስት ጉዳይ ሲል ተጭኖ አለቀ።

«ግቢ!» አለቻት።

ጸደንያ የፈተናውን ገጽ ከፈተች። ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ፦ ይህ ገጽ አይታመንም። ደገመችው፤ ያው ነው። ሌላ ገጽ ሞከሩ፤ ያው ነው። «መጫኛውን ስነካካ የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ» ብላ አሰበች ሰናይት። እንደገና ለመጫን ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል፤ የቀራቸው ሩብ ሰዓት ነው።

«እትዬ ሰናይት…» አለች ጸደንያ።

ጋሼ ወርቁ የሚያጽናኑበት ነገር ፍለጋ ወደ ስክሪኑ ጥግ ጎንበስ አሉ። «አይዟችሁ፣ ሁሉም አልተበላሸም። ይኸው ሰዓቱ ልክ ነው፣ ቀኑም ልክ ነው። አሥር፣ ሰባት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።»

ሰናይት ክው አለች። ለጋሼ ወርቁ ልክ ነው፤ ለግድግዳውም ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እስከ ዛሬ የምትቀይረው ሰዓቱን ብቻ ነበር፤ ጠዋት ግን በችኮላ ቀኑንም ከግድግዳው ገልብጣዋለች። ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ገጹ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክረውን ማረጋገጫ ቀኑ ገና አልደረሰም እያለ ይመልሳል። ሌላ ኮምፒውተር ቢሆን ስህተቱን ከኢንተርኔት አይቶ ራሱ ያርም ነበር። ይሄኛው አትንካ ተብሏል። ያለችው ደግሞ እሷ ናት። የዘጠኝ ዓመት ቂሟን በሰው ልጅ ላይ ልትወጣው ነበር፤ አፈረች።

ትእዛዙን አነሳችው። ቀኑ ተስተካከለ፤ የስክሪኑ ሰዓትም ብልጭ ብሎ 1:56 ሆነ።

«ኧረ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ጋሼ ወርቁ ደነገጡ።

«የፈረንጅ ነው ጋሼ። ለዛሬ ይሁንላት።»

ጸደንያ እንደገና ሞከረች። ገጹ ነጣ፤ ቆየ። ከዚያ ስሟ መጣ፤ የካሜራው መብራት በራ።

ሰናይት ድምፅ ሳታሰማ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ወርቁ ተከትለዋት ሲወጡ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«ምነው ልጄ? ገባች አይደል እንዴ?»

«ገባች ጋሼ» አለች ሰናይት። «በሰዓቷ ገባች።»