ዱባ ያተረፈችን ገና

ዛሬ አንዲት ቃል ከረግረጉ አተረፈችን፤ ሳቁ እስካሁን አልለቀቀኝም!

እዚህ መቱ በገና ጨዋታ የተሸነፈ ሰፈር ሜዳውን ለቆ ለከርሞ ረግረጉ ላይ ይጫወታል። የተጋጣሚያችን የላይ ሰፈር ነጋድራስ ታዲያ "ሁሉም በገዛ ልጆቹ ይጫወት" የተባባልነውን ትተው ከሸዋ አንድ ጎበዝ ቀጥረው በበቅሎ አስመጡ። (እኛማ በምናችን እንቀጥራለን!)

እኩል ለእኩል ሳለን ሩሯ ከጎበዙ ኋላ ወደቀች። የራሱ ወገኖች በኦሮምኛ "ዱባ! ዱባ!" ብለው ጮኹለት፤ ከኋላህ ናት ማለታቸው ነው።

"ማንን ነው ዱባ የምትሉት?" ብሎ ዱላውን ጥሎ ሊደባደባቸው ሄደ። እኛ ሩሯን ለግተን አገባን!

ነጋድራሱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ለከርሞ አስተርጓሚም እቀጥራለሁ!"

የያዮና የኖፓ ወዳጆቼ፣ እናንተንስ ያተረፈች ቃል የለችም? እስቲ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሳቅ።