ጀርባቸው ያልተበሳ ስምንት ጥሩሮች

ነገሩ ዘጠና ሁለት ብርና ከደንበኞቼ ሁሉ ሀብታሙን አስከፈለኝ። ቢደገምም እከፍላለሁ።

ያኔ ንፋስ ስልክ መንገድ ዳር አሮጌ ብረት እየገዛሁ እሸጥ ነበር፤ በርሜል፣ የአልጋ ሽቦ፣ የመኪና በር። አንድ ቀን የአንድ ቴአትር ቤት ኃላፊ መጣና ለስምንት ተዋንያን ደረትና ጀርባ የሚሸፍን የቆርቆሮ ጥሩር አዘዘኝ። በቴአትሩ ወታደሮቹ ከጦርነት ተመልሰው ንጉሡ ፊት ይሸለማሉ። "የተዋጉ ይምሰሉ" አለኝና ቀብድ ሰጥቶኝ ሄደ።

የበርሜል ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ቀጥቅጬ፣ የብር ቀለም ቀባኋቸው። ከዚያ ፊትና ኋላ ሳልለይ መዶሻና ሚስማር አወረድኩባቸው። ማዶ ያለውን መጋዘን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አርበኛ ነበሩ። መጥተው አንዱን ገለበጡና ጀርባው ላይ ያለውን ቀዳዳ በጣታቸው ነኩት።

"ይሄ የማነው?"

"የጀግና ነው፣ አባባ።"

"ጀግና ጀርባውን ለማን ሰጥቶ ተወጋ? ይሄ የሸሸ ሰው ነው!"

ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። አምስት ዓመት ዱር የከረመ ሰው በቀዳዳ አይቀልድም። የስምንቱንም ጀርባ በአዲስ ቆርቆሮ ቀየርኩ። የቀረውን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስተማሩኝ። ጠፍሩ የሚፈትገው ትከሻ ላይ ቀለሙ ይላጥ፤ ላብ የሚጠራቀምበት ወገብ ይዛግ፤ የሰይፉ ጭረት ከግራ ትከሻ ወደ ታች ይውረድ፣ መቺው የሚመታው በቀኝ እጁ ነውና። ዝገቱን በቀይ አፈርና በዘይት ቀለም፣ ጭሱን በጥላሸትና በላምባ አመጣሁት። መካኒሳ አቦ ሊሳለም የሚያልፈው ሁሉ "ከየት ተቆፍሮ ወጣ?" ይለኝ ጀመር። ሌላው ነጋዴ አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ይለፋል፤ እኔ ሦስት ሳምንት የለፋሁት አዲሱን ለማስረጀት ነው።

ኃላፊው ሊረከብ ሲመጣ ደረታቸውን አይቶ ደስ አለው፤ ሲያዞራቸው ተቆጣ።

"ለንጉሡ ሲንበረከኩ ሕዝቡ የሚያየው ጀርባቸውን ነው። ይሄማ አንድ ቀዳዳ የሌለው ያረጀ ድስት ነው! ብሳው እንጂ!"

"ከኋላ የተበሳ የሸሸ ነው፣ ጌታዬ። የሸሸ ደግሞ አይሸለምም።"

"ሕዝቡ ይህን የት ያውቃል?"

"ጥይት ካየ ሕዝብ ጋር ነው የምንኖረው።"

"አንተ ቆርቆሮ ሻጭ፣ ስለ ጦርነት ምን አገባህ? ወይ ብሳ፣ ወይ ቀብዴን መልስ!"

ሚስማሩ እጄ ላይ ነበር። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ከማዶ ያዩኛል። ሚስማሩን አስቀምጬ ቀብዱን መለስኩለት።

ሌላ ቀጥቃጭ ሠርቶ በሳለት። ቴአትሩ ሲከፈት ሁለት ቲኬት ገዝቼ ከሽማግሌው ጋር ሄድኩ፤ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ነበር። ወታደሮቹ ገብተው ሲንበረከኩ ወንፊት የመሰለ ስምንት ጀርባ ታየ። ሽማግሌው ተነሡ።

"ጃንሆይ፣ እንዳይሸልሟቸው! ሸሽተው ነው የመጡ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መድረክ ላይ ያለው ንጉሥም ሳቀ። ኃላፊው ከዚያ ወዲህ በደጄ አላለፈም።

የኔን ጥሩሮች ጀርባቸውን ወደ መንገድ አዙሬ ሱቄ ፊት ሰቀልኳቸው። ወጪ፣ ቲኬቱን ጨምሮ፣ ዘጠና ሁለት ብር። ገቢ የለም።