የወርሳሜ ማለዳዎች

ራሕማን የድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ሰው ሁሉ ይፈራታል፤ ቂሟ አይበርድማ! ሳምቡሳ ጠብሳ፣ ሸጣ፣ ታናሽ ወንድሟን መሃድን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። መሃድ አድጎ ባጃጅ ነዳ፤ የድሬን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀው ነበር።

ጠቡ የመጣው ከውሃ ነው። ጎረቤቷ ወርሳሜ ፎቅ ሲሠራ፣ የቧንቧ ውሃ ይጠፋል ብሎ ለሲሚንቶ ማቡኪያ ትልቅ ጉድጓድ ውሃ ሞላና ሳይከድን ተወው። ራሕማ ሦስት ጊዜ ሄዳ፣ "አቦ፣ ክደነው! የትንኝ እጭ እየፈላበት ነው" አለችው።

ወርሳሜ ሳቀባት። "ወባ የገጠር ነው እህቴ፤ ዋሂል ሄደሽ ፈልጊው።"

ወባው ግን መሃድን ቤቱ ድረስ መጥቶ ጣለው። አራት ቀን ራሱን ሳተ። ሐኪሟ የአንጎሉን ምስል ይዛ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ለራሕማ አሳየቻት። "ከወባው የተነሳ የደም ሥሮቹ ተቆጡ። ደሙን ከአንጎል የሚለየው ግድግዳ ሳሳ፤ በዚያ በኩል ደም ጠብ ጠብ ብሎ ፈሰሰ። ነጥቦቹ እሱ ናቸው" አለቻት። መሃድ ተረፈ፤ ትናንትን ግን ዛሬ አያስታውስም። ከከዚራ ሰፈር ቤቱ መመለስ እንኳ አቃተው።

ወርሳሜ ሽማግሌ ላከ፤ በግ እየጎተቱ መጡ።

"በጉን መልሱት" አለች ራሕማ። "በየማለዳው እዚህ ይምጣ። ወንድሜ 'ማነህ?' ይለዋል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገው በገዛ አፉ ይንገረው። ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ እርቅ የለም!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና "ይሁን" አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ቤት ግን የተወጋው ረሳ፤ የወጋው እንዳይረሳ ደግሞ ራሕማ ፈረደችበት።

ወርሳሜ ማለዳ ማለዳ ይመጣል። "ወርሳሜ ነኝ። ውሃውን ክደን ብባል ስቄ የተውኩት እኔ ነኝ" ይላል። ፊቱ ሲጠቁር ራሕማ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። እሰይ! ከሳ፤ እንቅልፍም አጣ።

መሃድ ግን ሁሌም እንደ አዲስ ይሰማና እጁን ይዘረጋለታል። "አብሽር፣ ይቅር ብዬሃለሁ" ይለዋል።

በአርባኛው ቀን ወርሳሜ የመሃድን እጅ እንደጨበጠ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። "ራሕማ፣ እሱ አርባ ጊዜ ማረኝ። አንቺስ?"

ራሕማ እንዲወጣ በሩን ከፈተችለት። "እሱ አርባ ጊዜ የማረህ አርባ ጊዜ ስለረሳ ነው" አለችው። "የኔ አንጎል ደህና ነው። ነገም ትመጣለህ።"